የድንጋይ ሽበት የላጨሁ ሰሞን

«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ያለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም። እኔ መቀመጥ አልችልም። ታታሪ ነኝ ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ ታታሪ ብሆን ኖሮ ባለቤቴ እታገኝ ቀድማኝ ታወራላችሁ ነበር። የኔ ነገር በሽታ ነው። እጄ ዝም ካለ አእምሮዬ መጮህ ይጀምራል። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ከመስከረም እስከ ሰኔ ጠመኔ ይዤ ስለምውል እጄም ሰላም፣ ሰፈሩም ሰላም ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው ጉዱ።

ባለፈው ክረምት ለተማሪዎች ካርድ አድለን በተለያየን ማግስት ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን የጓዳውን በር ማጠፊያ አጠበቅሁ። በሩ ደህና በር ነበር፤ ዛሬም ድረስ አይዘጋም። በሦስተኛው ቀን የምታንጠባጥበውን ቧንቧ ልጠግን ገባሁ። ማንጠባጠቧን ተወች፤ ከነጭራሹ ውሃ መስጠቷንም ተወች። እታገኝ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ጎረቤት ሄደች። ሴት ዝም ብላ ጀሪካን ስታነሳ ካያችሁ፣ መባል ያለበት ሁሉ ተብሏል ማለት ነው።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን ጋሽ አጠይብ የግቢያቸውን ቁልፍ ሰጡኝ።

ስለ ጋሽ አጠይብ ጥቂት ላውራ፤ ያለዚያ የጥፋቴ ልክ አይገባችሁም። እዚሁ አሶሳ የተወለዱ የበርታ ሰው ናቸው። መንጌ በኩል ከአባታቸው የወረሱት እርሻ አላቸው፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ለውዝና እንደ ሻይ የሚፈላውን ከርከዴ ይነግዳሉ። የኔ ወላጆች በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን ዓይኔን የገለጥኩት እዚሁ ነው። ከጋሽ አጠይብ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቀርከሃ አጥር ለይቶን ኖረናል። ለይቶን የምለው ለወጉ ነው፤ አጥሩ መሀሉ ላይ ሰው ከነትሪው የሚያሳልፍ መሽሎኪያ አለው።

አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። ገበያ ደግሞ ወንዴና ሴቴ እያለ ጊዜ አያባክንም። እኔንም፣ እታገኝንም፣ የቀበሌውን ሊቀመንበርም «አንተ» ነው የሚሉት። እታገኝ «አንተ እታገኝ» ስትባል ደስ ይላታል፤ በዚህ ሰፈር እኩል የሚያየኝ እሳቸው ብቻ ናቸው ትላለች። እንዳልስቅባቸው አፌን የሚያስይዘኝ የራሴ በርታኛ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ከሰላምታ አላለፈም፤ ሰላምታውንም ስጀምረው ያዝኑልኝና በአማርኛ ይጨርሱልኛል።

በግቢያቸው ትልቁ ማንጎ ሥር አንድ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ሁለት ድንጋይ ቆሞ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሞበታል። ያስቀመጡት አባታቸው ናቸው፤ ሽማግሌው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔና ጋሽ አጠይብ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እዚያ ላይ ተቀምጠን ለውዝ እየፈለፈልን ሬዲዮ እንሰማለን። መቀመጥ አልችልም ብያችኋለሁ አይደል? እዚያ ላይ እችል ነበር። ለውዝ መፈልፈሉ ይሆናል።

ድንጋዩ ግን ድንጋይ መሆኑን ለማወቅ ማንኳኳት ያስፈልግ ነበር። አንዱን ጎኑን እንደ ምንጣፍ የሚለሰልስ አረንጓዴ ነገር ለብሶታል። የቀረውን ደግሞ አመድማ፣ ነጣ ያለ፣ አልፎ አልፎም ብርቱካንማ ቅርፊት ወሮታል፤ የድንጋይ ሽበት የምንለው መሆኑ ነው።

ጋሽ አጠይብና ባለቤታቸው ለማሽላ አረም ወደ መንጌ ሲሄዱ የነገሩኝ ነገር ቢኖር «ዶሮ ጥሬ ስጥ» የሚል ብቻ ነበር። ይህን አስምሩበት። ስለ ድንጋይ የተባለ ነገር የለም።

በመጀመሪያው ቀን ጥሬውን በተንኩ። ዶሮዎቹ በሉና ጨረሱ። እኔም ጨረስኩ። ዞር ስል ድንጋዩ አየኝ። ሰው በሌለበት ግቢ ቆሞ ደህና መቀመጫ እንዲህ ሻግቶ ማየት ለእንደኔ ዓይነቱ ፈተና ነው። ሄጄ የሽቦ ብሩሽ አመጣሁ። ሐሳቤ ጫፉን ብቻ ለማየት ነበር። ጫፉ ሲነጣ ግን ጎኑ አስቀየመኝ። ጎኑን ሳጸዳ መሀሉ አሳፈረኝ። በማግስቱ የዱቄት ሳሙናና በረኪና ጨምሬ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን ወደ አመሻሹ ላይ ድንጋዩ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ድድ መስሎ ቁጭ አለ። ወገቤ ተቆርጧል፣ ጣቶቼ ተልጠዋል፣ ልቤ ግን ሰርግ ቤት ሆኗል።

እታገኝን ጠርቼ አሳየኋት። ዞር ዞር ብላ አየችውና ፈቅደውልህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሳያስቡት ላስደስታቸው ብዬ ነው አልኳት። ድንጋዩን በመዳፏ ነካ አደረገችው።

«የሰውየውን አባት ሽበት ላጭተህ ነው የምትጠብቃቸው?» አለችኝ።

ይህ ንግግሯ የዚያን ጊዜ አልከበደኝም። የከበደኝ ጋሽ አጠይብ የመጡ ዕለት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጡ። በመሽሎኪያው ሾልኬ ቀድሜ ማንጎው ሥር ቆምኩ፤ ሽልማት እንደሚጠብቅ ተማሪ። ሻንጣቸውን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ወደኔ ሲመጡ ድንጋዩን አዩት። ቆሙ። ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ባዶ ሰሌዳ ነው። በመጨረሻ ዝግ ባለ ድምፅ «ታጠበ» አሉ። አዎ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ አመሰግናለሁ የሚመስል ነገር በአፋቸው ውስጥ ብለው ወደ ቤት ገቡ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ለውዜን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ አጠይብ የፕላስቲክ ወንበር በረንዳ ላይ አውጥተው ተቀምጠዋል። ለኔም ሌላ ወንበር አወጡልኝ። ሬዲዮው እዚያው በረንዳ ላይ ተከፈተ። በማግስቱም በረንዳ። በሦስተኛውም ቀን በረንዳ። ማንጎው ሥር የሚቀመጥ ጠፋ። አንዴ ለመሞከር ብዬ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ እዚህ ይሻላል አይደል ብላቸው፣ ዓይናቸውን ከድንጋዩ ላይ ሳያነሱ አዎ አሉ። ከዚያ ወዲህ ወሬያችን ሁሉ ስለ ዝናብ ሆነ። ሁለት ወዳጆች ስለ ዝናብ ብቻ ማውራት ከጀመሩ ነገር አለ።

ቤቴ ገብቼ ወዲያ ወዲህ እል ጀመር። እታገኝ ጠይቃቸው አለችኝ። ምን ብዬ ልጠይቅ? «አባትዎ የተቀመጡበትን ላጭቼ አስቀየምኩዎት ወይ?» ይባላል? የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ለኔ መፍትሔው ግልጽ ነበር። ተቀንሷል፣ ስለዚህ መደመር አለበት። የነቀልኩትን ሽበት አብቅዬ መመለስ!

ባዮሎጂ የምታስተምረው ባልደረባዬ ቲቸር ሰብለ ዘንድ ሄድኩ። ክረምት ክረምት በሯን አንኳኩቼ የዶሮ ቤት ልጠግንልሽ ስለምላት ስታየኝ በሩን ገርበብ አድርጋ ያዘች። የመጣሁት ለጥያቄ መሆኑን ስነግራት ደስ ብሏት አስገባችኝ። ያ ቅርፊት አንድ ነገር አይደለም አለች፤ ሁለት ፍጥረት ተጋብተው ነው። ፈንገሱ ቤት ይሠራል፣ አልጌው ምግብ ያዘጋጃል፤ አንዱ ያለ ሌላው ድንጋይ ላይ አይኖርም። አረንጓዴው ለስላሳው ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ እሱ ጥላና እርጥበት ካገኘ ቶሎ ይይዛል። ሽበቱ ግን ቀስ ነው አለችኝ። ምን ያህል ቀስ? ሰብለ ትንሽ አሰበችና የልጅ ልጆችህ ሊያዩት ይችላሉ አለች። እኔ እስከ መጪው ዓርብ ነበር ያሰብኩት።

አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ውጭ አገር አትክልተኞች አዲስ አጥርና አዲስ የአበባ ማስቀመጫ ያረጀ እንዲመስልላቸው እርጎ ይቀባሉ፣ አንዳንዶቹም እበት በውሃ በጥብጠው ይቀባሉ ይባላል አለችኝ። ተገርሜ ቀረሁ። እኛ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ግማሹ ወንድ ጸጉሩን ቀለም እየነከረ በሚመጣበት ዘመን፣ ድንጋዩን በእርጎ የሚያሸብት ሕዝብ አለ። ሰብለ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ በረኪና የጠጣ ስለሆነ በዝናብ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት፣ ምናልባትም አይሆንም፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል ብላኝ ነበር። እኔ ግን እርጎ ከሚለው በኋላ የሰማሁት የለም።

መጀመሪያ በራሴ ግቢ ሞከርኩ፤ የሰው ድንጋይ ላይ ሁለተኛ አልሳሳትም ብዬ። የውሃ ታንከራችን የተቀመጠበትን ሲሚንቶ እርጎ ቀባሁት። የአበባ መደቡን የከበቡትን ድንጋዮች ደግሞ እበት። እርጎውን መጀመሪያ ያገኙት ጉንዳኖች ናቸው። ከዚያ የሰፈር ድመቶች መጡ። ከዚያ ድመቶቹን የሚፈልጉ ውሾች መጡ። እታገኝ ለምሳ ያስቀመጠችው እርጎ የት እንደገባ ለማወቅ ጉንዳኑን ተከትላ ታንከሩ ጋ ደረሰች። እበቱ በበኩሉ የኢትዮጵያን ዝንብ በሙሉ አሶሳ ጠራ። ልትጠይቀን የመጣች አክስቴ በአፍንጫዋ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ደህና ናችሁ ወይ አለች፤ ጥያቄዋ የምር ነበር።

በስምንተኛው ቀን ታንከሩ ሥር ጥቁር ጸጉር የመሰለ ነገር በቀለ። እየሮጥኩ ለሰብለ ደወልኩ፤ ፎቶ ላክሁላት። ያ ሻጋታ ነው፣ እንጀራ ሲያድር የሚያወጣው ነው አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋን የደበቀች መሰለኝ።

ታዲያ ሰው ከመትከል ማዛወር አይቀለውም? ችግኝ ማዛወር የምናውቀው ሥራ ነው። የባምባሲ መንገድ ላይ፣ ከተማውን ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ድልድይ ሥር ሁልጊዜ የሚያረጥብ ቋጥኝ እንዳለ አውቃለሁ። ባጃጅ ተኮናትሬ ሄድኩ። አረንጓዴውን እንደ ምንጣፍ በቢላዋ ገፈፍ ገፈፍ አድርጌ፣ ሽበት የያዙ ጠጠሮችም ለቃቅሜ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ሞላሁ። ባጃጅ ነጂው ከዚህ ሁሉ ጭቃ ምን ይወጣል አለኝ። ሽበት አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ከተማው መግቢያ ኬላ ድረስ አላነጋገረኝም።

ኬላው ላይ ፈታሹ ማዳበሪያውን ፈትቶ አየ። ዓይኑን ወደኔ አነሳ። እንደገና ማዳበሪያውን አየ። እናንተ እንደምታውቁት በኛ በኩል ጭቃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ጭቃ ፈልጎ አይሄድም፤ ወርቅ ነው። አስተማሪ ነኝ፣ ይሄ ድንጋይ ላይ የምተክለው ነገር ነው አልኩት። ድንጋይ ላይ የሚተከል ነገር በዕድሜው ሰምቶ እንደማያውቅ በትሕትና ነገረኝ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ አልተቆጣኝም፣ አላመናጨቀኝም። ሳፋ ብቻ አስመጣ። ወርቅ ማጠብ ያውቅ ኖሮ ያንን ሁሉ አረንጓዴ በየተራ እየነከረ፣ ሳፋውን እያዞረ፣ አጠበልኝ። መንገደኛው ሁሉ ከቦ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ምን ተገኘ እያለች ከኋላ ትገፋለች። በመጨረሻ ሳፋው ሥር የቀረው ሁለት ቀንድ አውጣና አንድ የመጠጥ ቆርኪ ነበር። ፈታሹ ቀና ብሎ በሐዘን አየኝ። በእጁ የታጠበውን አረንጓዴ ራሱ አጥፎ ማዳበሪያው ውስጥ መለሰልኝና፣ ቤተሰብ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለኝ አልኩት። ቀጥታ ወደነሱ ሂድ አለኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስቄ የምረሳው ነገር ነበር።

ዓርብ ዕለት ጋሽ አጠይብ ለጁምዓ ሶላት ወጡ። ባለቤታቸው ዘመድ ጥየቃ ከሄዱ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ብዙ ጊዜ ከሶላት በኋላ በገበያ በኩል ስለሚዞሩ ሁለት ሰዓት የሚሞላ ጊዜ አለኝ ብዬ አሰላሁ። በመሽሎኪያው ገባሁ። አንድ ባልዲ እበት በእርጎ የተለወሰ፣ አንድ የቀለም ብሩሽ፣ ግማሽ ማዳበሪያ የታጠበ አረንጓዴ። አሠራሬ ግልጽ ነበር፤ ልውሱ ማጣበቂያ ይሆናል፣ አረንጓዴው በላዩ ይለጠፋል፣ ዝናቡ የቀረውን ይሠራል። ተንበርክኬ ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር ለቀለቅሁት። ሁለት ቁራጭ እንደለጠፍኩ ከኋላዬ አንድ ዶሮ መጣች፤ ከዚያ ሌሎቹ መጡ፤ አረንጓዴው ውስጥ ትል ፍለጋ ጭረው በተኑት። እነሱን በብሩሹ እያባረርኩ፣ እበቱ ፊቴ ላይ እየተፈናጠረ ሳለ ጥላ አረፈብኝ።

ጋሽ አጠይብ በገበያ በኩል አልዞሩም። ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ቆመዋል።

መጀመሪያ ባልዲውን አዩ። ከዚያ ብሩሹን። ከዚያ የአባታቸውን መቀመጫ። እኔ ተንበርክኬ እንዳለሁ ቀረሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እርጎ፣ ሽበት፣ ውጭ አገር የሚሉ ቃላት ተራ በተራ መጥተው አንዱም ከሌላው ጋር አልገጥም አለኝ። እሳቸው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ኡስታዝ» አሉኝ፤ አስተማሪ በመሆኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። «ይሄ አባቴ ይቀመጣል ነበር። አንተ እበት ቀባ።»

«ጋሽ አጠይብ፣ እኔ እኮ...»

«እኔ ላንተ ምን አደረገ?»

ምንም አላደረጉኝም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ክፉ ነገር አላደረጉኝም። ባልዲዬን ይዤ በመሽሎኪያው ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ መሽሎኪያው ላይ አራት ቀርከሃ ተጋድሞ ተመትቷል።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን በቀልድ ላልፈው አልችልም። ያን ቅዳሜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ምንም መሥራት አልፈለገም። እግሬ ግን አላርፍ አለ። ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ በረንዳ፣ ከበረንዳ አጥሩ ጋ፤ ቀርከሃውን አይቼ እመለሳለሁ። እታገኝ ምግብ አቀረበችልኝ፤ ቆሜ በላሁ። ደብዳቤ ልጽፍላቸው ወረቀት አወጣሁ፤ «ውድ ጋሽ አጠይብ፣ እበቱን በተመለከተ» ከሚለው አላለፍኩም። ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ፤ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ስለ እርጎና እበት ሲነጋገሩ ታየኝና ተውኩት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሃያኛ ጊዜ ወደ አጥሩ ስሄድ እታገኝ በሩ ላይ ቆማ አስቆመችኝ።

«ሂድና በአፍህ ንገራቸው» አለች። «እጅህን እዚህ ትተህ ሂድ።»

ዝናብ ይዘንባል። በመሽሎኪያው መሄድ ስለማይቻል ወጥቼ በመንገዱ ዞርኩና የጋሽ አጠይብን የፊት በር አንኳኳሁ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አንኳኩቼው አላውቅም፤ በየት በኩል እንደሚከፈት አላውቅም ነበር። በማይከፈተው ጎን ቆሜ ስጠብቅ በሌላው ጎን ከፈቱልኝ። ብስብሴን አዩና ግባ አሉ። በረንዳው ላይ ወንበር ሰጡኝ። ባለቤታቸው ከዘመድ ጥየቃ ተመልሰው ነበርና ትኩስ ከርከዴ በብርጭቆ አመጡልኝ፤ እንደ ቤተኛ ሳይሆን እንደ እንግዳ። ለኔ ከርከዴ በብርጭቆ ቀርቦልኝ አያውቅም፤ ራሴ ነበር ከማንቆርቆሪያው የምቀዳው።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ከበሩ ማጠፊያ፣ ከቧንቧው። እንዴት ጫፉን ብቻ ልሞክር ብዬ እንደጀመርኩ። ሲመጡ ፊታቸውን አይቼ እንደፈራሁ። ሰብለ ያለችውን፣ ጉንዳኑን፣ ኬላውን፣ ሳፋውን። የነቀልኩትን መልሼ ላብቅል ብዬ እንጂ የአባትዎን ቦታ ላዋርድ ብዬ አይደለም አልኳቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው አንዳንዱን ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። «እርጎ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ባለቤታቸው ከበሩ ውስጥ ሆነው በበርታኛ የሆነ ነገር ጠየቋቸው፤ እሳቸውም መለሱላቸው፤ ከውስጥ ሳል የመሰለ ሳቅ ሰማሁ።

ጋሽ አጠይብ ግን አልሳቁም። ስጨርስ እኔ አላኮረፍኩም አሉኝ። ድንጋዩ ስለታጠበ የተቆጣ ሰው የለም። ታዲያ ለምን መቀመጡን ተዉ ብዬ ጠየቅሁ። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ማንጎውን እያዩ ተናገሩ።

«አባቴ ነጭ ጀለቢያ ይወዳል ነበር። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ኋላው አረንጓዴ። ሁለት ዓመት ይላል፣ አጠይብ ይሄን ድንጋይ እጠብ። እኔ ይላል ነገ። ነገ፣ ነገ።» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሻሹ። «አባቴ ሞተ። ድንጋይ አልታጠበ። እኔ በየቀኑ ቁጭ ይላል፣ ነገ ይላል። መንጌ ሄዶ መጣ፣ ድንጋይ ነጭ። ጎረቤት አጠበ። ልጅ አላጠበ።»

የያዝኩትን ብርጭቆ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። እኔ አንድ ወር ሙሉ የሳቸውን ቁጣ ሳሰላ የከረምኩት እሳቸው የራሳቸውን ሐፍረት ይዘው ነው። ሽበት ላጨሁ ብዬ ስጨነቅ፣ የነጠቅኳቸው ሽበት አልነበረም፤ አምስት ዓመት ነገ ነገ ሲሉ ያቆዩትን ሥራ ነው። ይባስ ብዬ ታጥቦ ያገኙትን መልሼ በእበት ለቀለቅሁት። ይቅርታ ልል ብዬ ጀመርኩ፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ።

«አሁን እበት አለ?» አሉኝ።

አለ አልኳቸው። ዝናቡ ጥቂቱን ወስዶት ይሆናል፤ ልውሱ ግን ደህና ተደርጎ የተለወሰ ስለሆነ ጨርሶ አይለቅም። ይህን ስል ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ድምፅ የለውም። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው በእንባ ሞልቷል፣ አፋቸው ግን እየሳቀ ነው። በበርታኛ ለባለቤታቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ባልዲ መጣ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። የሽቦ ብሩሽ ላምጣልዎት ብዬ ብድግ ስል ቁጭ በል አሉኝ። ቃጫ አጥፈው አሰሩ፣ ጀለቢያቸውን አውልቀው የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቀለሉ፣ ድንጋዩ አጠገብ ተንበረከኩ። ሳሙና የለ፣ በረኪና የለ። ከቆርቆሮው የወረደ የዝናብ ውሃና ቃጫ ብቻ። ቀስ እያሉ ነው የሚያጥቡት፤ በእጅ ስፋት በእጅ ስፋት። አንድ ጎን ያለቀ ሲመስለኝ ተመልሰው ያንኑ ያጥባሉ። እጄን ጉልበቶቼ መሀል አጣብቄ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳያዩኝ «ኡስታዝ» አሉኝ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዱዓ ይሁን፣ ለሽማግሌው የሚነግሩት ነገር ይሁን አላውቅም፤ የኔ በርታኛ እዚያ አይደርስም።

ሲጨርሱ ድንጋዩን በጨርቅ አደረቁት። ወደ ቤት ገብተው ታጥበው ሲመለሱ ከሳጥን የወጣ፣ የእጥፋቱ መስመር ገና ያልጠፋ ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። ማንጎው ሥር ሄደው ተቀመጡ። እኔንም ጠሩኝና ጎናቸው ተቀመጥኩ። የማንጎው ቅጠል የያዘውን ውሃ አልፎ አልፎ ያንጠባጥብብናል። ጥቂት ቆይተው ተነሱና ጀርባቸውን አዞሩልኝ፤ አዲስ ልብስ አሰፍቶ እንደሚለካ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እይ» አሉኝ። «አለ?»

አየሁ። ከወገባቸው ዝቅ ብሎ፣ አንድ የበቆሎ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር አለች። ከድልድዩ ሥር ካመጣሁት፣ ዶሮዎቹ ያልደረሱባት፣ ከስንጥቁ ውስጥ የተደበቀች ልትሆን ትችላለች። የለም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ትንሽ አለ ጋሽ አጠይብ» አልኳቸው።

አንገታቸውን አዙረው ሊያዩት ሞከሩ፤ አልደረሱበትም። ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ጥሩ» አሉ። «ነገ ደግሞ እኔ ያጥባል።»